በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ የሚቀነስ የሥራ ፍጥነት፦ የሥራ ባህል ችግር ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ጥያቄ — የላይን ሱፐርቫይዘር

በአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሚገኝ የልብስ ፋብሪካ የአንድ ላይን፣ ማለትም ልብሱ ከማሽን ወደ ማሽን እየተላለፈ የሚሰፋበት መስመር፣ ሱፐርቫይዘር ሆኜ እሠራለሁ። በሥሬ ያሉት ኦፕሬተሮች ከጥቂቶቹ በቀር ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አስተዳደሩ የምርታማነት ማነስ ምክንያቶችን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዞኛል። ከእኔ በፊት ሌሎች ያቀረቧቸውን ሪፖርቶች ስመለከት ሁሉም ማለት ይቻላል «የሥራ ባህል ችግር» በሚል ሐረግ የሚጀምሩና በዚያው የሚያበቁ ሆነው አገኘኋቸው። እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ግን በዚህ ሐረግ አልጠቃለል ብሎኛል።

የሰዓቱ ታርጌት (በሰዓት ተሰፍቶ እንዲያልቅ የሚጠበቀው ፍሬ ብዛት) በቦርዱ ላይ ከፍ ተደርጎ በተጻፈ ማግስት ማንም ሳይቃወም፣ ማንም ድምፁን ሳያሰማ፣ የላይኑ ፍጥነት እኩል ይወርዳል። ሁሉም «እሺ» ይላሉ፤ እሺታው ግን ከአፍ አያልፍም። ኢንጂነሩ ሰዓት መቁጠሪያውን ይዞ ከኋላቸው ሲቆም ከወትሮው ይልቅ ጥንቁቅ ሆነው ጨርቁን ሁለት ጊዜ ያስተካክላሉ፣ ክሩን ዳግም ይፈትሻሉ። ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የሚያዘው ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል። መርፌም በተለየ ሁኔታ ይሰበራል። ሥራውን ለማታውቁ ለማስረዳት ያህል፣ በእኛ ዘርፍ የተሰበረ መርፌ ቁርጥራጩ ሁሉ ተፈልጎ፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ካልቀረበ አዲስ መርፌ አይሰጥም፤ ምክንያቱም አንዲት ቁራጭ ብረት በሕፃን ልብስ ውስጥ ተሰፍታ ከሄደች መዘዟ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዲት ልጅ መርፌ ሲሰበርባት ግራና ቀኝ ያሉት ጓደኞቿ ወርደው ወለሉን ይዳብሳሉ፤ ያቺ ጫፍ እስክትገኝም ማሽኖቹ ይቆማሉ። ደመወዝ በወጣ ማግስት ደግሞ ስልካቸውን ዘግተው በዚያው የሚቀሩ አሉ።

ግራ ያጋባኝ እነዚሁ ልጆች ቅዳሜ ዕለት «ይህን ጨርሳችሁ ቶሎ ውጡ» ሲባሉ የሚያሳዩት ፍጥነት ከታርጌቱ በላይ መሆኑ ነው። እጅ አላቸው፣ ችሎታም አላቸው። እንግዲህ ይህን ምን ብዬ ልጻፈው? ስንፍና ነው፣ ልግም ነው፣ ወይስ ፊት ለፊት ሊባል ያልቻለ አቤቱታ? እኔስ በመካከል ያለሁ ሰው ምን ማድረግ ይገባኛል?

መልስ — የቀድሞ ኦፕሬተር

ወንድሜ፣ ጥያቄውን ከቦርዱ ሳይሆን ከማሽኑ በኩል ሆነው ቢያዩት መልሱ ብዙም አይርቅም። እኔ ኮሌታ በመስፋት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ወደ ላይን በገባሁ ሰሞን እጄ ፈጣን ስለነበረ የሰዓቱን ታርጌት ከሰዓቱ በፊት እጨርስና አንገቴን ቀና አድርጌ እቀመጥ ነበር። ከጎኔ የነበረችው ነባር ኦፕሬተር ምንም ሳትቆጣኝ፣ ዓይኗን ከጨርቋ ሳታነሣ፣ «የዛሬው ፍጥነትሽ የነገ ታርጌታችን ነው» አለችኝ። እንዳለችውም ሆነ። ታርጌቱ ሲጨምር ደመወዙ በነበረበት ቆመ፤ የጨመረው ፍጥነት ለማን እንደገባ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ በኋላ የማንም ስብሰባ ያላወጀውን ደንብ ተማርኩ። ኢንጂነሩ ሲቆም ትክክለኛው ፍጥነት አይታይም፤ እሱ የሚመዘግበው ደቂቃ ለመጪዎቹ ወራት ልጓም ሆኖ ስለሚመለስ፣ በዚያች ሰዓት የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ከራስ ጋር የሚደረግ ድርድር ነው። ጠዋት እጅ ሳይደክም የተሰፋውን ጥቂት ፍሬ ከጥቅሉ ሥር አቆይቶ ከሰዓት በኋላ፣ ወገብ ሲቆረጥ፣ አንድ በአንድ ማውጣትም የተለመደ ነው። የታመመች ወይም የወር አበባ ያመማት ልጅ ካለች የእሷ ጥቅል በሁለት ሦስት ማሽን ተከፋፍሎ ያልቃል፤ ሱፐርቫይዘሩ የሚያየው ግን የላይኑን ድምር ብቻ ነው። የመጸዳጃ ካርዱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት፤ ብዙ ጊዜ የሚኬደው ለመጸዳጃ ሳይሆን ውኃ ፊት ላይ ረጭቶ ለአንድ አፍታ ከማሽን ድምፅ ለመራቅ ነው።

ደመወዝ ተቀብሎ መጥፋትን ሁላችሁም እንደ ነውር ታዩታላችሁ። በደንቡ መሠረት አስቀድሞ ማስታወቂያ መስጠት እንደሚገባ እናውቃለን። ነገር ግን በሥራ ቦታዬ ማስታወቂያ የሰጠች ልጅ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ በጣም ከባዱ ማሽን ላይ ስትመደብ፣ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለባት የሚያረጋግጥ የመሰናበቻ ወረቀት) ለማግኘት ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ አይተናል። ያንን ያየ ሰው ስልኩን ቢዘጋ ምን ይደንቃል? አራት ሆነን በአንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ለሽሮና ለዘይት እያዋጣን፣ ከተረፈው ላይ እቁብ ጥለን ለቤተሰብ የምንልክ ሰዎች ነበርን፤ ለመጨቃጨቅ የሚተርፍ ጉልበትም የሚሸፍን ቁጠባም አልነበረንም።

መልስ — በሠራተኛ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ

ጠያቂው ሪፖርቱን ከመጻፋቸው በፊት አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ማቆም ትርጓሜ ሥራን ጨርሶ ማቆምን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ሠራተኞች አሠሪያቸው አንድን የሥራ ሁኔታ እንዲቀበል ለማድረግ ከመደበኛው የሥራ ውጤታቸው ወይም ፍጥነታቸው ሲቀንሱም በዚሁ ትርጓሜ ሥር ይወድቃል። ሕጋዊ የሥራ ማቆም እርምጃ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፦ ከሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት፤ ለሌላው ወገንና ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት፤ አስቀድሞም በውይይትና በማስማማት ለመፍታት ጥረት መደረግ አለበት። ስለዚህ አንድ ሱፐርቫይዘር «ልጆቹ ተስማምተው ሆን ብለው ፍጥነት ቀነሱ» ብሎ በጽሑፍ ሲያቀርብ፣ እሱ ያየውን የገለጸ ይመስለዋል እንጂ በተግባር ሕገ ወጥ የሥራ ማቆም ተደርጓል የሚል ክስ እያዘጋጀ ነው። ያ ወረቀት ነገ በማን እጅ ለምን ጉዳይ እንደሚውል አይታወቅም።

ደግሞ የተሰበረ መርፌን፣ የተደጋገመ መጸዳጃን፣ ሁለቴ የተፈተሸን ክር ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ ማረጋገጥ እጅግ ከባድ ነው። የእነዚህ ድርጊቶች ኃይልም ከዚሁ ይመነጫል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ተራ ነገር ነው። ሕጉ በቁጥር የሚይዘው ሌላውን ነው። በጽሑፍ እየተሰጠ ካለ ማስጠንቀቂያ ጋር በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ ወይም በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ለመሰናበት ምክንያት ይሆናል። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ይህን ቁጥር ከብዙ የሰው ኃይል ኃላፊዎች በተሻለ ያውቁታል፤ ሰባተኛው ማርፈድ ላይ ቆመው ስድስት ወሩ እስኪያልቅ ደቂቃ የማያዛንፉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

በሌላ በኩል ያው አዋጅ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ ይደነግጋል። ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኞች ይበቃሉ። በወረቀት ያለው በር ሰፊ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ተሟጦ በሚለወጥ የሰው ኃይል መካከል ማኅበር አቋቁሞ ማቆየት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ማንም የሞከረ ያውቀዋል። የግል ዘርፉን ዝቅተኛ ደመወዝ በተመለከተም አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ለረጅም ዓመታት ሠራተኛው በእጁ የሚይዘው ወለል አላገኘም። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ባልደረባ የሆነ ማዕከል ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የሚተኩ ያህል እንደነበር ተገልጿል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ «የሥራ ባህል» የሚለው ማብራሪያ ቀርቶ የሚያስፈልገው የሂሳብ ስሌት ይመስለኛል።

መልስ — ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ

ከፋብሪካ ጉዳይ ትንሽ ብርቅም፣ የጠያቂው ገለጻ በደርግ ዘመን በጎጃም ገጠር በወጣትነቴ ያየሁትን ስላስታወሰኝ ጣልቃ ልግባ። ያኔ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ኩንታል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስገባ ኮታ ይጣልበት ነበር። ኮታው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ይደለደላል፤ ዋጋው ከገበያው ያነሰ ነው፤ እህል ያልሆነለት ገበሬ ደግሞ በውድ ገዝቶ በርካሽ እንዲያስገባ የሚገደድበት ጊዜ ነበር። አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። ሊቀመንበሩም ጎረቤት ነው፤ ታጣቂውም ዘመድ ነው፤ በስብሰባ ላይ ሁሉም ያጨበጭባል።

ከጭብጨባው በኋላ የሚሆነውን ግን እኛ በሚዛኑ ዘንድ የቆምን ሰዎች እናውቅ ነበር። ወደ ሚዛን የሚመጣው ጤፍ በማግስቱ ለገበያ ከሚወጣው ጤፍ ጋር የአንድ አውድማ ልጅ አይመስልም፤ አፈሩና ገለባው ያልተለየ፣ አንዳንዴም እርጥበት የያዘ ነበር። ነጩ በቤት ይቀራል። የምርት ግምት ለመውሰድ ስንወርድ የምንሰማው ሁልጊዜ ስለ ዋግ፣ ስለ ተምችና ስለ በረዶ ነበር። ሴቶቹ በአቅማዳ ጥቂት ጥቂት እየቋጠሩ፣ ወንዶቹ ሌሊት አህያ ጭነው ኬላውን በስተጀርባ እየዞሩ እህሉን ወደ ገበያ ያደርሱት ነበር። ኬላ ጠባቂውም ሁልጊዜ ነቅቶ አያድርም፤ እሱም ከዚያው እህል ይበላልና።

ይበልጥ የሚያስተምረው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ጉዳይ ነው። መልባና ወልባ በሚባሉት ደረጃዎች የተደራጀው ገበሬ በጋራ ማሳ ላይ የሚከፈለው በሥራ ነጥብ ነበር። ደወል ሲደወል ይመጣል፤ ነገር ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ በሬውን በዝግታ ይጠምዳል፣ አረሙን ከላይ ከላይ ይነቅላል። ከጋራ ማሳው አጠገብ ያለችው የጓሮ መሬቱ ደግሞ ጎመኑና በቆሎው የተንዠረገገ ነበር። የዚያው ሰው ክንድ ነው ሁለቱንም የሠራው። እኛ ባለሙያዎች ለበላይ በምናቀርበው ሪፖርት «የገበሬው የንቃተ ኅሊና ማነስ» ብለን እንጽፍ ነበር፤ ያኔ እንዲያ ይባል ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና መውጣት የሚፈልግ እንዲወጣ ሲፈቀድ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት ያለ ግርግር በአጭር ጊዜ ውስጥ በሬውንም መሬቱንም ተከፋፍለው ፈረሱ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ተረት በዚያን ሰሞን ሲደጋገም ሰምቻለሁ።

ልዩነትም መኖሩን አልክድም። ገበሬው የሚያፈገፍግበት የራሱ ማሳና ጎተራ ነበረው። የቀድሞዋ ኦፕሬተር፣ ልጄ፣ እናንተ ያላችሁ እጃችሁና የአውቶቡስ መመለሻችሁ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ይመስለኛል ትግሉ በደቂቃ ላይ የሆነው።

መልስ — በምርት ዕቅድ ክፍል የሚሠራ

እስካሁን የተጻፈውን በአክብሮት አነበብኩ፤ ሆኖም ነገሩ ከሚገባው በላይ እየተዋበ ነው የሚል ስጋት አለኝ። ፍጥነት ሲቀነስ የሚጎዳው ባለሀብቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ። በላይን ሥራ አንዷ ያዘገየችው ጥቅል ከእሷ በኋላ ባሉት ላይ ይከመራል፤ የመጨረሻዎቹ ክር ቆራጮችና ልብስ ተኳሾች ሥራ ፈትተው ይቆዩና ምሽት ላይ ዕቃው ሲደርስ ትርፍ ሰዓት እንዲቆሙ ይደረጋሉ። እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ የሚከፈላቸው ናቸው። የላይን ጉርሻ ያለበት ፋብሪካ ከሆነ ሁሉም እኩል ያጣል፤ ልጅ የምታሳድገዋና ደባል ያላት ልጅ ግን ማጣቱን እኩል አይችሉትም።

ከዚህ በላይ የፋብሪካው ዕጣ በእኛ እጅ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ምርትን ያለ ታሪፍ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው ዕድል) ተጠቃሚነት ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስትወጣ፣ ትእዛዝ ወደ ሌላ አገር ሲሄድና ላይኖች ሲታጠፉ ከሥራ የወጡት ፈጣኖቹም ዘገምተኞቹም ነበሩ። ገዢው ኩባንያ የማድረሻ ቀን እንጂ የልጆቹን ምክንያት አይጠይቅም። መለየት ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ደቂቃ መቆጠብ አንድ ነገር ነው፣ ጨርቅ በቦርሳ ይዞ መውጣት ወይም የጓደኛን ጥቅል ቁጥር በራስ ስም ማስመዝገብ ፍጹም ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው ፍተሻውን በሁሉም ላይ እናጠብቃለን።

መልስ — የቀድሞ ኦፕሬተር

ክር ቆራጮቹን በተመለከተ የተባለው እውነት ነው፤ እኛም እናውቀው ስለነበረ ምሽት ላይ የቀረው ሲበዛ የቻልን ሰዎች ተነሥተን መቀስ እንይዝላቸው ነበር። ጨርቅ የሚሰርቅም በእኛ መካከል ከበሬታ አልነበረውም። ነገር ግን ትእዛዙ ወደ ሌላ አገር የሄደው በታሪፍ ምክንያት እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ጽፈዋል። ታርጌቱን አሟልተን በነበረበት ወርም ላይኖች ታጥፈዋል። ለእኛ በፍጥነትም በዝግታም ያልተረጋገጠልንን ነገር በፍጥነት እንድንገዛው መጠየቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

መልስ — ከቤይሩት ተመላሽ

እኔ በፋብሪካ ሳይሆን በሰው ቤት ነው የሠራሁት፤ ፓስፖርቴም በማዳሟ ሳጥን ነበር። ጠበቃው በተናገሩት ሕግ ውስጥ የለሁም፤ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም፤ የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ደግሞ ቤት መቀየር በአሠሪው ፈቃድ ነው። ማንም ጓደኛ አጠገብ ስለሌለ እንደ እናንተ ሸክም የሚካፈል አልነበረኝም። ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነበር። አረብኛውን ከለመድኩ በኋላም ቶሎ ያልገባኝ መስዬ እቆይ ነበር፤ ያልገባት ሠራተኛ ፊት ሰው ብዙ ይናገራል፤ ደመወዜ መቼ እንደሚሰጠኝና ለዘመድ ቤት ልታውሰኝ እንዳሰበች የሰማሁት እንዲያ ነው። ቆሻሻ ለመጣል ስወርድ ደግሞ ከታችኛው ፎቅ ካለችው ያገሬ ልጅ ጋር ቃል እንለዋወጥ ነበር፤ ከረጢቱ ግማሽ ሳይሞላ የምወርድበትን ምክንያት ማዳሜ ለንጽሕና ያለኝ ጥንቃቄ አድርጋ ትወስደው ነበር። ለጠያቂው የምለው፣ ሰው ዝም ሲል የሚያስበውን ሁሉ የተወ አይምሰልዎት።

የጠያቂው ምላሽ — የላይን ሱፐርቫይዘር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠበቃው ማሳሰቢያ ቀጥተኛ ጥቅም ሰጥቶኛል፤ «ተስማምተው» የሚለው ቃል በሪፖርቴ ውስጥ አይገባም። የምርት ዕቅድ ባልደረባው ያነሡት የክር ቆራጮች ጉዳይም ዕቅዱን ሳዘጋጅ የምጠቀምበት ነው።

ያሰብኩት እንደዚህ ነው። በሪፖርቱ ውስጥ ስለ ባህል የሚናገር አንቀጽ አላስገባም። በምትኩ በየሰዓቱ የተመዘገበውን ምርት ታርጌቱ ከተለወጠባቸው ቀናት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣለሁ፤ የቅዳሜውንም ፍጥነት እጨምራለሁ። ቁጥሩን ያየ ሰው ልጆቹ ሥራውን እንደሚችሉና ፍጥነቱ የሚወርደው መቼ እንደሆነ ያለ እኔ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ አንድ ታርጌት ከተወሰነ በኋላ የልብሱ ዓይነት እስካልተለወጠ ድረስ ለሦስት ወር እንዳይጨመር፤ ከታርጌቱ በላይ ለሚሰፋው ፍሬም በዚያው ወር ደመወዝ ላይ የሚታይ ክፍያ እንዲኖር። የመጸዳጃ ካርዱን ደግሞ በእኔ ላይን ለማስቀረት ፈቃድ እጠይቃለሁ። አስተዳደሩ ክፍያውን በቀላሉ እንደማይቀበል እገምታለሁ። የቀድሞዋ ኦፕሬተር ይህ ቢፈቀድ ልጆቹ የሚቀበሉት ይመስልዎታል?

መልስ — የቀድሞ ኦፕሬተር

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም አያምንዎትም፤ ይህን አስቀድመው ለአስተዳደሩ ይንገሩ፤ አለዚያ ቁጥሩ ቶሎ ስላልተነሣ ብቻ ሐሳቡን ይጥሉታል። ልጆቹ የሚጠብቁት አንዲት ደፋር ከታርጌቱ በላይ ሰፍታ በደመወዝ ወረቀቷ ላይ ምን እንደወጣ ለማየት ነው፤ ያንን ወረቀት ዶርም ወስዳ ስታሳይ ነው ነገሩ የሚጀመረው። የሦስት ወሩን ቃል ደግሞ በአፍ አይንገሯቸው። ታርጌቱ በሚጻፍበት በዚያው ቦርድ ላይ፣ ከነሚያበቃበት ቀኑ ያስጽፉት። ኢንጂነሩም በእነዚህ ሦስት ወራት ሰዓት መቁጠሪያውን ይዞ በላይኑ መካከል ባያልፍ መልካም ነው፤ ሌላ ላይን ለመለካት እየሄደ ቢሆንም እንኳ በዙሪያ ይሂድ።

የካርዱን ጉዳይ ግን ከክፍያው ጋር አያያይዙት። እሱን ብቻውን፣ መጀመሪያ ይጠይቁ። ምንም ወጪ የለውም፤ ቢከለከሉም ስለ ቀሪው ሐሳብዎ ምን መልስ እንደሚመጣ ከዚያ ያውቁታል።